በክረምት ወራት ልብስን በእንፋሎት ስለ ማጽዳት

ሐምሌ በገባ ጊዜ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ውኃ ያለብሱታል። ሩዝ የሚታረምበትም ወራት ይኸው ነው። ስለዚህ ከደጋው አገር ብዙ ወጣቶች የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ወረታ ይወርዳሉ፤ ቀኑን በጭቃና በውኃ ውስጥ ሲያርሙ ይውሉና ማታ በጥቂት ብር በሚከራይ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ያድራሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከለበሱት በቀር ሌላ ልብስ የላቸውም። ቢያጥቡት ቅያሪ የለም፤ ፀሐይም ስለሌለ ቶሎ አይደርቅላቸውም። በዚህ ወር ስለ ልብስ እንፋሎት ለመጻፍ የተነሣነው እነዚህን ሠራተኞች፥ የሚያሳድሯቸውን ባለ ቤቶችና በየደብሩ ያሉትን የቆሎ ተማሪዎች በማሰብ ነው።

ልብስን በእንፋሎት ማጽዳት ሲባል፥ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው በትልልቅ ከተሞች ሱቆች የሚሸጠውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የልብስ መተኮሻ ይሆናል። ስለ እርሱም በቦታው እንናገራለን። ነገር ግን የእንፋሎት ጥቅም የተጨማደደ ልብስ ከማቃናት እጅግ የሚበልጥ ነው፤ ይኸውም በልብስ ስፌት ውስጥ ተሸሽጎ ሰውን የሚገድለውን በሽታ የሚያመላልሰውን ቅማል ከነቅጫሙ ማጥፋቱ ነው።

ይህ የልብስ ቅማል የሚባለው ተባይ እንደ ራስ ቅማል በጠጉር ውስጥ አይኖርም፤ ቤቱ ልብስ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ገላ ወጥቶ ደም ይመጥና ተመልሶ በስፌትና በእጥፋት ውስጥ ይደበቃል። ቅጫሙንም ከክሩ ጋር አጣብቆ የሚጥለው በዚያው በስፌቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰው ገላውን በየቀኑ ቢታጠብ እንኳ፥ ያንኑ ልብስ መልሶ የለበሰ እንደ ሆነ ቅማሉን መልሶ ለበሰ ማለት ነው።

ቅማሉ ከሚያመጣቸው በሽታዎች አንዱ ግርሻ የተባለው ትኩሳት ነው። በድንገት በብርድና በማንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ራስን ይፈልጣል፥ መገጣጠሚያንና ጡንቻን ያማል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የለቀቀ ይመስልና ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ጠባዩ ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሽታው የሚተላለፈው ቅማሉ ሲነክስ አይደለም። ቅማሉ ሲጨፈለቅ ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ በኩል ሲገባ ነው። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ተቀምጦ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ፥ ይልቁንም በጥርስ መንከስ፥ በሽታውን በገዛ እጅ እንደ መቀበል ያህል ነው።

ሁለተኛው በሽታ ሕዝባችን ተስቦ እያለ የሚጠራው ነው። ይህ ደግሞ የሚተላለፈው በቅማሉ ኩስ ሲሆን፥ ኩሱ በልብስ ላይ ደርቆ ለብዙ ሳምንታት በሽታ የማስያዝ ኃይሉን ሳያጣ ይቈያል። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው ቅማል መሆኑን ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1909 በቱኒስ አስረዳ፤ ስለዚህም ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪሞች የሚጠራጠሩት አየሩን፥ ቆሻሻውንና ረኃቡን ነበር።

ግርሻ ሕክምና ካላገኘ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። በጊዜ የታከሙት ግን አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ከ100 የሚሞቱት ከ2 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ያለ፥ ርካሽና የተለመደ ነው። ሆኖም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሕመምተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳቱም ይብስበታል፤ ይህም የሚሆነው በደሙ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን በአንድ ጊዜ ሲያልቁ ነው። በዚያን ሰዓት የሚጠብቀው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ በማደሪያ ቤት ተኝቶ መዋጥ አይገባም።

ነገሩ የጥንት ታሪክ እንዳይመስል ሁለት ምሳሌ እንጨምር። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ አብቅቶ የቀድሞው መንግሥት ወታደሮች በየሰፈሩ ተጨናንቀው በነበሩ ጊዜ ግርሻ በመካከላቸው በብርቱ ተዛምቶ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው በረሃና ባሕር አቋርጠው ወደ ጣሊያን፥ ወደ ጀርመንና ወደ ሆላንድ በደረሱ ስደተኞች ላይ ይኸው በሽታ ተገኘ፤ የዚያ አገር ሐኪሞችም ከመጽሐፍ በቀር አይተውት የማያውቁትን ተሕዋስ በአጉሊ መነጽር አዩ። በአገራችን ግን በሽታው ከቶ ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚበረታውም በክረምት፥ የሚያጠቃውም ማደሪያ የሌላቸውን፥ የቀን ሠራተኞችንና የቆሎ ተማሪዎችን ነው።

አሁን ወደ ልብሱ እንመለስ። ባለፈው ክረምት በወረታ የማደሪያ ቤት ላላቸው አንዲት እናት፥ የእንግዶቻቸውን ልብስ በየሳምንቱ እንዲያስቀቅሉ አጥብቀን መከርናቸው። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡን በኋላ፥ «ደኅና ነው ዶክተር፤ ታዲያ ልብሳቸው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ምን ለብሰው ይክረሙ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። በባሕር ማዶ በተማርንበት ትምህርት ቤት ልብስን ስለ መቀቀል ስንማር፥ ሰው አንድ ልብስ ብቻ ሊኖረው እንደሚችል ያነሣ መምህር አልነበረም።

የእኚህ እናት ጥያቄ ነው ወደ እንፋሎት የመራን። በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና፥ ወይም አያቶቻችን እንደሚያደርጉት በእንዶድ ማጠብ እድፍን ያስለቅቃል እንጂ ቅማልንና ቅጫምን ጨርሶ አይገድልም። (በወንዝና በሐይቅ ዳር ቆሞ ማጠብ ደግሞ በጣና አካባቢ ያለውን የብልሐርዝያ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል፤ ይህንን በሌላ ጊዜ በሰፊው እንጽፍበታለን።) ቅማልን የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ልብሱ እስከ ስፌቱ ውስጥ ድረስ ከ54 ዲግሪ በላይ ሞቆ በዚያው የቈየ እንደ ሆነ ቅማሉም ቅጫሙም ይሞታሉ። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውኃ በእርስዋ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ለሥራችን ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ የፈላ ውኃና እንፋሎት ሙቀታቸው አንድ ከሆነ እንፋሎት በምን ይበልጣል? አረቄ የምታወጣ ሴት መልሱን ታውቀዋለች። ከጋኑ በመቃው የሚወርደው እንፋሎት ወደ መቀበያው ሲገባ፥ መቀበያው የተቀመጠበት ቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይሞቅባትና ደጋግማ ትለውጠዋለች። የተጠራቀመው አረቄ ጥቂት ነው፤ ያሞቀው ውኃ ግን ብዙ ነው። ምክንያቱም አንድ ሊትር ውኃን ከበረዶ መቅለጫ እስከ መፍላት ከሚያደርሰው ሙቀት ይልቅ፥ የፈላውን ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ከአምስት እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ያ ሙቀት ሁሉ በእንፋሎቱ ውስጥ ተሸክሞ ይሄድና ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ በአንድ ጊዜ ያራግፈዋል። በምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ሳይገለበጥ ላዩ የሚበስለውም በአክንባሎው ውስጥ በታፈነው እንፋሎት ነው። እንፋሎት ወደ ስፌትና ወደ እጥፋት ሁሉ ይገባል፤ ልብሱን ግን እርጥብ ብቻ እንጂ የራሰ አያደርገውም። ከበርሜል ትኩሱን ወጥቶ የተራገፈ ሸሚዝ በደመና ቀን እንኳ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊለበስ ይችላል፤ የተቀቀለው ግን ሁለት ቀን ይፈልጋል።

በበርሜል የልብስ ቅማልን ማጥፋት የእኛ ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 በሰርብያ ተስቦ ተነሥቶ ከ150 ሺህ የማያንስ ሕዝብ በጨረሰ ጊዜ፥ ለእርዳታ የሄዱት የእንግሊዝ ጦር ሐኪሞች ትልልቅ መሣሪያ ስላልነበራቸው በየመንደሩ የተገኘውን በርሜል በፈላ ውኃ ላይ አስቀምጠው የወታደሩንና የሕዝቡን ልብስ በእንፋሎት አበሰሉት። ከዚያ ወዲህ ይህ ዕቃ «የሰርብያ በርሜል» ተብሎ በብዙ አገር የጤና ሠራተኞች ዘንድ ታወቀ።

በርሜሉን በሚመርጡበት ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ዋጋው ሳይሆን በፊት ምን እንደ ነበረበት ነው። በፎገራ ለሽንኩርትና ለሌላውም አዝመራ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ምን ቢታጠብ አይሆንም፤ በሙቀት ጊዜ መርዙ ከልብሱ ጋር ይዋሐዳልና። የምግብ ዘይት የነበረበት ከሁሉ ይሻላል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን ገዝቶ ወደ በያጅ መውሰድ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው ትነት እሳት ሲነካው ይፈነዳል። እንዲህ ያለውን በርሜል ከመተው በስተቀር ሌላ ምክር የለንም። ባለ 200 ሊትሩ የብረት በርሜል፥ ያልዛገና ያልተበሳ ከሆነ፥ የ5 ወይም የ6 ሰዎችን ልብስ በአንድ ጊዜ ይይዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በርሜሉ ላዩ ተቈርጦ ይከፈትና በሦስት ጠንካራ ጉልቻዎች ላይ ይቀመጣል። በውስጡ አንድ ስንዝር ያህል ውኃ ይጨመራል። ከውኃው በላይ፥ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፥ በድንጋዮች ላይ ያረፈ የእንጨት ርብራብ ይሠራል፤ ውኃው ሲንተከተክ ልብሱን እንዳይነካው ነው። በርብራቡ ላይ ጆንያ ይነጠፍና ልብሱ ላላ ተደርጎ ይደረደራል። ተጠቅጥቆ የገባ ልብስ መካከሉ ሳይሞቅ ይቀራል፤ በተለይ ቡልኮና ጋቢ ተጠቅልለው ሳይሆን ተዘርግተውና ላላ ብለው ታጥፈው መግባት አለባቸው። ከዚያ ክዳኑ ይደረግና በላዩ እርጥብ ጆንያ ይጣልበታል። ክዳኑን በሽቦ ማሰር ወይም ከባድ ድንጋይ መጫን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ እንፋሎቱ በዙሪያው መውጫ ማግኘት አለበት።

ለማገዶ ኩበት ይበቃል። የሩዝ መፈልፈያዎች የሚጥሉት ገለባም ከኩበት ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል፤ ብቻውን ግን አየር ስለሚያጣ ይታፈናል፥ ጢሱም ዓይን ያጠፋል። ሰዓት መቍጠር የሚጀመረው እሳቱ ከተለኰሰበት ጊዜ ሳይሆን፥ እንፋሎቱ በክዳኑ ዙሪያ ሁሉ በኃይል መውጣት ከጀመረበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ሰዓት ይቈይ።

እኛም በመጀመሪያው ሙከራችን ተሳስተናል። ርብራቡን ዝቅ አድርገን በመሥራታችን ውኃው ሲያልቅ የታችኛው ሱሪ ከርብራቡ ጋር ተቃጠለ፤ የባለ ቤቱንም ፊት ለማየት አፍረን ሌላ ሱሪ ገዛንለት። ከዚያ ወዲህ ውኃውን ሳንለካ እሳት አንለኩስም።

ሙቀቱ እስከ ልብሱ መካከል መድረሱን ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በምን ያውቃል? ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም ከንብ አርቢ የሚገኝ ንጹሕ የንብ ሰም ይበቃል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ይህም ቅማልን ከሚገድለው ሙቀት ይበልጣል። የአተር ፍሬ የሚያህል ሰም በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይደረግና በወፍራሙ ቡልኮ እጥፋት መካከል ይቀመጥ። ሰዓቱ ደርሶ ሲወጣ ሰሙ ቀልጦ በብልቃጡ ቂጥ ከረጋ ሥራው ተከናውኗል፤ እንደ ገባ ከተገኘ ልብሱ ሁሉ ተመልሶ ይገባል። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ሻማ ግን ከሌላ ነገር የተሠራ ስለ ሆነ፥ አንዳንዱም ከዚህ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ፥ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ክዳኑን የሚከፍተው ሰው ከራሱ ፊት ወደ ወዲያ አዘንብሎ ይክፈተው። የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውኃ ቃጠሎ የባሰ ነው፤ ምክንያቱን ከላይ በአረቄው ምሳሌ ተናግረናል። ልጆች በአጠገቡ አይድረሱ።

ወደ በርሜሉ የማይገባ ልብስም አለ። ቆዳ በእንፋሎት ይኮማተርና ይደርቃል፤ ስለዚህ ጫማ፥ ቀበቶና የቆሎ ተማሪው ደበሎ አይገቡም። ደበሎን በተመለከተ የምናውቀው መፍትሔ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅማል ከሰው ገላ ከተለየ ደም ስለሚያጣ በሳምንት ገደማ ውስጥ ይሞታል፤ ከቅጫሙ የሚፈለፈለውም እንዲሁ። ደበሎው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታስሮ አንድ ወር ሳይለበስ ቢቀመጥ ንጹሕ ይሆናል። ተማሪው በዚያ ወር በእንፋሎት የጸዳ ጋቢ ያስፈልገዋል፤ የኔታዎችና የአካባቢው ምእመናን ይህን እንዲያስቡበት በትሕትና እናሳስባለን። ናይሎንና ወርቀ ዘቦ ያለበት ጥበብ ሊበላሹ ይችላሉ። የበግ ጠጉር ካፖርትና ብርድ ልብስ ግን ሳይታሽ እስከ ገባ ድረስ አይጎዳም። ደም ወይም ወተት የነካው ልብስ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ እድፉ አይለቅም። ኪሶችም ይፈተሹ፤ ክብሪት፥ የብር ኖትና መታወቂያ በእንፋሎት ውስጥ ምን እንደሚሆኑ መናገር አያስፈልግም።

በርሜል ለማቆም ቦታ የሌለው ቤተ ሰብ በቤቱ ያለውን የከሰል ካውያ ይጠቀም። እርጥብ ጨርቅ በስፌቱ ላይ ዘርግቶ በጋለ ካውያ ቀስ ብሎ መጫን እንፋሎቱን ወደ ስፌቱ ውስጥ ይነዳዋል። ብብት፥ አንገትጌ፥ ወገብና የእግር ስፌት ከውስጥ በኩል ተገልብጠው ይተኰሱ። ካውያው ግን በር በተዘጋበት ቤት አይቀጣጠል፤ የከሰል ጢስ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ዕቃ ቃል ገብተን ነበር። በእጅ የሚያዘው ዓይነት ለሸሚዝና ለቀሚስ መልካም ነው። ለመግዛት ያሰበ ሰው የውኃ መያዣውን ስፋትና እንፋሎቱ ሳይቋረጥ የሚወጣ መሆኑን በሱቁ ውስጥ አስፈትኖ ይግዛ፤ አፉ ውኃ የሚያንጠባጥበውን ይተወው። ጨዋማ የጕድጓድ ውኃ ውስጡን በነጭ ደለል ስለሚዘጋው የተጣራ የዝናብ ውኃ ይሻለዋል። ቅማልን በተመለከተ ግን የሚገድለው አፉ በነካበት ቦታ ብቻ፥ ያውም ቀስ ተብሎ በስፌቱ ላይ ከሄደ ነው። ለአንድ ባለ ሱፍ ልብስ ይበቃል፤ ለ12 የቀን ሠራተኞች ቡልኮ አይበቃም፤ በክረምት ደግሞ መብራቱ የሚጠፋበትን ቀን ማን ያውቃል።

የእርሻ መድኃኒትን በልብስና በመኝታ ላይ የሚነሰንሱ ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። መርዙ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ በተለይ ሕፃናትን ሊገድል ይችላል። ይህ ከቶ አይደረግ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ይኸውም የዚያች እናት ጥያቄ ነው። በእንፋሎትም ቢሆን ልብሱ በበርሜል ውስጥ ሳለ ሰዎቹ የሚለብሱት ይፈልጋሉ። ከእርሳቸው ጋር የተስማማንበት እንዲህ ነው፤ ቤቱ 6 ንጹሕ ጋቢዎች ለዚህ ሥራ ብቻ ያስቀምጣል። እሑድ ጧት የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዎች ገላቸውን ታጥበው ጋቢ ይለብሳሉ፤ ልብሳቸውና መኝታቸው ይገባል። እነርሱ ልብሳቸውን ሲቀበሉ ጋቢዎቹ ከሁለተኛው ዙር በፊት ለብቻቸው ይበስላሉ። የሁሉም ልብስ በአንድ ቀን ካላለቀ፥ ያልጸዳው ያንኑ ሌሊት ለጸዳው ቅማሉን ያካፍለዋል። አዲስ እንግዳም ሲመጣ ልብሱና ብርድ ልብሱ በመጀመሪያው ቀን ይገባል፤ ይህን ለእንግዳው ሲነግሩት በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው ቢሆን ደስ ይለናል፤ ቅማል የድህነትና የመጨናነቅ እንጂ የጠባይ ነውር አይደለምና።

ሥራው ሲያበቃ ውኃው ይደፋ፤ በርሜሉ ገና ትኩስ ሳለ በጨርቅ ተወልውሎ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በሁለት እንጨት ላይ ይቀመጥ። እንዲህ የተያዘ በርሜል ቶሎ አይዝግም፤ ለሚቀጥለውም ክረምት ይደርሳል።